ደምመላሽ

የውሃ ቦቴህን አቁመህ ከጥላ፣
ሻርጃ ሰናዒያ፣ ከጎሚስታው ኋላ፣
ደረትህን ይዘህ ቁጭ ያልክ እንደ ዋዛ፣
«ቃር ነው» ያልከኝ ለታ፣ ላብህ እንደ ጤዛ፣
ቃር አልነበረም።

ሦስት ሌሊት አልፎ አራተኛው ሲነጋ፣
የኬረላዋ ሐኪም፣ ንግግሯ የረጋ፣
የልብህን ሥዕል በስክሪን ከፍታ
በጣቷ አሳየችኝ ያንን ጠባብ ቦታ፦
«ይህን ከፍተነዋል፣ ሽቦ አስገብተናል፤
እኔን የሚያሰጋኝ ሌላው ስር ይሆናል።»
በእሷ ዐረብኛ፣ በእኔ ስብርባሪ፣
ጣታችን ሆነልን ቃሉን አሻጋሪ።

ልብ ሲቆስል ጮኸ፤ ጩኸቱ ወረደ፣
የነርቩን መንገድ ይዞ አጥንት ድረስ ሄደ፤
መቅኔ ውስጥ ያደረ፣ ያልበሰለ ጎረምሳ
«ማነው የተነካው?» እያለ ተነሣ፤
ጣፊያም «ድረሱለት፣ አትዘግዩ» አለች፣
ያቆየችውን ጦር ለደም አቀበለች።

ደረሱ። እውነት ነው፣ መልካም ሥራ ሠሩ፤
የሞተውን ሥጋ አንሥተው ቀበሩ፣
ቁስሉን ሊሰፉለት ዙሪያውን ሰፈሩ።
ግን የመጣ ጦር፣ ወኔው የሰከረ፣
ሥራው ቢያልቅም እንኳ ከሜዳው አደረ።
ሲንከራተት ደግሞ፣ በየደም ቅዳው በር፣
ከፓራታ፣ ከሲጋራ የተረፈ ክምር፣
ዓመታት የተኛ፣ ማንንም ያልነካ፣
አገኘና «ጠላት!» ብሎ ገባበት፣
ግድግዳውን በላ፣ ጣራውን ናደበት፣
ጭሱ ሳይታይ እሳት አነደደበት።
ያ ዝምተኛ ክምር ቆዳው ሳሳ፣ ጋለ፣
ነገ ለመፈንዳት ቀጠሮ አስተካከለ።

ያኔ ስምህ መጣ፣ በልቤ ዞረብኝ፤
አንድ ሌሊት ራስህ ያወራህልኝ፦
አጎትህ በወሰን ጠብ በወደቀ ሰሞን
ተወልደህ፣ አባትህ «ደምመላሽ ይሁን»
ብሎ እንዳወጣልህ፣ ጥርስ ሳታበቅል ገና፣
የሙት ሰው ዕዳ አሸክሞህና።
አንተ ግን ሸሸህ፤ ስሙን ይዘህ ወጣህ፣
ሰው ሳትገድል ልታረጅ፣ ውሃ ልትሸጥ መጣህ።

ሰባተኛ ክፍል የሳይንሱ መምህር
«ደም ቅዳ፣ ደም መላሽ» ይለን ነበር ስለ ስር።
ደም መላሽ፦ ደሙን ወደ ልብ የሚመልስ መንገድ።
ያው ስም፣ አንዱ ለመግደል፣ አንዱ ወደ ቤት ለመውሰድ።

ስልክህ ከቡሬ ነው፣ እሪታ የሞላው፣
እህትህ «ማን ነካህ?» ትላለች ደጋግማው፤
የክፍላችን ሰዎች ስምንቱም ገብተው፣
ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ የበግ መረቅ አምጥተው፣
አንዱ «ብላ» ሲልህ ሌላው «አትብላ» ብሎ፣
ጠብ ሊነሣ ነበር በፍቅርህ ተቃጥሎ።
ስልኩን ዘጋሁት። ሰዎቹን አስወጣሁ።
ፍቅር ነው፣ አልጠፋኝም። መውጫ በሩን ግን አያውቅም።

«ለዚህ ጦር» አልኳት «ሽማግሌ ቢላክ፣
'ደሙ ደርቋል፣ ግቡ' ብሎ የሚንበረከክ?»
ፈገግ አለችና ሦስት ክኒን አዘዘች፤
«ይኼኛው እሪታውን ያበርዳል» አለች፣
«ስለ ጦሩ ግን ገና እያጠናን ነው።»
ከዚያ ሌላ በሽተኛ ጠራት።

ኤሲው ይንጠባጠባል፤ ሌሊቱ ተጋምሷል፤
ቦቴህ ከጎሚስታው ጥግ አሸዋ ለብሷል፤
ስክሪኑ ላይ ልብህ ኮረብታ ይሥላል፣
አንዱን ይወጣና ሌላውን ይወርዳል።
ከፊልህ ደውሎ ነበር፤ ስለ ቁልፉ ጠየቀ።
ስላንተም ጠየቀ፣ ኋላ።

ተኛ፤ እኔ አለሁ። እዚያ ውስጥ ያሉትን፣
ስማቸውን ባላውቅ፣ እለምናለሁ ሁሉን፦
ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን፤
ቁስሉን ሸፍናችኋል፤ አሁን ወደ አጥንታችሁ፣
ወደ መቅኔያችሁ።

አንተም፣ ደምመላሽ፣
ሳትነቃ፣ ሳትቸኩል፣
ደሙን ወደ ልብህ ብቻ መልስ።